ማዕድኑ ከየት መጣ?

ለጉባኤያትና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ የጥናት ትምህርት



በጫሞ ሐይቅ ዳርቻ የሚኖር ሕዝብ መመዘኛ ማለት ምን እንደ ሆነ ከሩቅ አስተማሪ መማር አያሻውም። የመረቡ ዓይን ሲጠብ ገና ለመራባት ያልደረሰው ዓሣ አብሮ ይወጣል። በዚያ ሳምንት ገበያው ይሞላል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን መረቡ ባዶውን ይመለሳል። አገራችንም በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅን፣ ቁጥር 315ን፣ ያወጣችው ሐይቆቿ እንዳይራቆቱ ነው። ይሁን እንጂ በአርባ ምንጭ ምግብ ቤት ተቀምጦ ዓሣ ለብለብ ወይም ኮተሌት የሚበላ እንግዳ ዓሣው በምን ዓይነት መረብ እንደ ተጠመደ አያውቅም። በእርሱና በሐይቁ መካከል አጥማጁ፣ ሰብሳቢው፣ ነጋዴውና ወጥ ቤቱ አሉ። ቢጠየቁ እያንዳንዳቸው «እኔ ከእገሌ ነው የገዛሁት» ይላሉ።

እንግዲህ ሐይቁን የሚጠብቁት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የታወቀ መለኪያ ነው። ሁለተኛው መለኪያው መጠበቁን የሚመረምር ሰው ነው። ሦስተኛው «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ነው። አራተኛ ነገርም አለ፤ እርሱን ግን ወደ ኋላ እናየዋለን።

በዚህ ትምህርት የምናጠናው ስለ ዓሣ ሳይሆን በስልካችን፣ በባትሪያችንና በፀሐይ ኃይል መብራታችን ውስጥ ስላሉት ማዕድናት ነው። ጥያቄው ግን ያው ነው። ከምድር የሚወጣው ሀብት በምን ሁኔታ ወጣ? ማን ተጠቀመበት? ማንስ ተጎዳበት?

1. ወሳኝ የሚባሉት ጥሬ ዕቃዎች

አንድ ማዕድን ወሳኝ ነው የሚባለው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው። ይኸውም ለኢንዱስትሪ እጅግ አስፈላጊ ሲሆንና የሚገኝበት ቦታ ጥቂት በመሆኑ አቅርቦቱ በቀላሉ ሊቋረጥ የሚችል ሲሆን ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ 34 ጥሬ ዕቃዎችን በዚህ ስም መዝግቧል። ከእነዚህ መካከል ሊቲየም፣ ኮባልት፣ ግራፋይትና ታንታለም ይገኙበታል።

ሊቲየም በስልክና በኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ውስጥ ይገባል። ኮባልትም እንዲሁ የባትሪ ማዕድን ሲሆን ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ ነው። ታንታለም ደግሞ ለመቅለጥ ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት የሚፈልግ፣ በአሲድ በቀላሉ የማይበላ ብረት ነው። በስልክና በኮምፒዩተር ውስጥ ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚለቁ ጥቃቅን ዕቃዎች ከእርሱ ይሠራሉ። በአንድ ስልክ ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ስልኩ በየኪሱ ስላለ ጥቂቱ ተደምሮ ተራራ ያስቆፍራል።

2. ከጫሞ ማዶ

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ጉዳይ አይምሰላችሁ። ከጫሞ በስተ ምሥራቅ ነጭ ሳርን፣ ከዚያም የአማሮን ተራሮች አልፎ የሚሄድ መንገደኛ ወደ ጉጂ ምድር ይገባል። በዚያም በሰባ ቦሩ ወረዳ ቀንጢቻ የሚባለው የታንታለም ማዕድን ይገኛል። ሥራው የተጀመረው በ1982 ዓ.ም. ገደማ በመንግሥት ድርጅት ሲሆን በዚሁ አለት ውስጥ ሊቲየም ያዘለ ድንጋይም አለ። ስለዚህ የዓለም ፋብሪካዎች ከሚሹአቸው ማዕድናት ሁለቱ በጎረቤቶቻችን ምድር ተቀምጠዋል ማለት ነው።

ስለ ታንታለም ሠራተኞች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በማዕድኑ ውስጥ ዩራኒየምና ቶሪየም ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ይገኛሉ። የእነዚህ ጨረራ በግራም 10 ቤክሬል ካለፈ ጭነቱ በዓለም አቀፍ የማጓጓዣ ደንብ መሠረት እንደ ሬዲዮአክቲቭ ዕቃ ይያዛል፤ ማሸጊያውና ሰነዱም የተለየ ይሆናል። ይህ ደንብ መልካም ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ደንቡ የሚጠብቀው ጭነቱ የሚያልፍበትን መንገድና መርከበኛውን ነው። አቧራውን በየቀኑ የሚተነፍሰው ቆፋሪና በዝናብ ጊዜ ከቁፋሮው በታች ውኃ የምትቀዳው እናትስ? የእነርሱን ጉዳት የሚለካ ሌላ መመዘኛ ያስፈልጋል።

በዚያው በጉጂ ምድር፣ በሻኪሶ አጠገብ፣ የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን አለ። ወርቅ ከላይ በጠቀስነው የ34ቱ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። ሆኖም ስለ ቀና ግዢ በወጡት ሕጎች ከታንታለም ጋር በአንድነት ስለሚጠቀስ ታሪኩ ለዚህ ትምህርት እጅግ ይጠቅማል። የአካባቢው ነዋሪዎች ከማዕድኑ የሚወጣው ውኃ ከብቶቻቸውን እንደሚገድል፣ በሴቶች ላይ ውርጃን፣ በሚወለዱ ሕፃናት ላይም የአካል ጉዳትን እንዳስከተለ ለዓመታት ሲያመለክቱ ቆዩ። በ2010 ዓ.ም. የድርጅቱ ፈቃድ መታደሱ በተሰማ ጊዜ ታላቅ ተቃውሞ ተነሣ፤ በግንቦት ወርም መንግሥት ፈቃዱን አገደ። ማዕድኑ እንደገና ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው።

ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ነገር ባወጣው ጽሑፍ በመንግሥት በኩል የተካሄዱ ጥናቶች ውጤት ለሕዝብ እንዳልተገለጸ አመልክቷል። ከዚህም ጋር ወርቁ እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ ለአንድ የስዊስ ማጣሪያ ይሸጥ እንደነበር ገልጿል። ስዊስ የታወቁ የወርቅ ማጣሪያዎች አገር ናት፤ ማጣሪያዎቿም ስለ ቀና ግዢ በወጡ ዓለም አቀፍ ደንቦች የሚመረመሩ ናቸው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ደንብ እያለ፣ መርማሪም እያለ፣ የሻኪሶ ሰው ጩኸት ወደ ገዢው ጆሮ ለመድረስ ለምን ይህን ያህል ዓመት ፈጀበት?

3. መመዘኛዎቹ እንዴት ይሠራሉ?

«በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ» ይባላል። የማዕድን ንግድም ለረጅም ዘመን እንዲሁ ነበር። ፋብሪካው ስለ ማዕድኑ ምንጭ ሲጠየቅ የነጋዴውን ስም ይናገር ነበር እንጂ ጉድጓዱን አያውቅም ነበር።

ይህን ለመለወጥ በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው የዶድ ፍራንክ ሕግ፣ በክፍል 1502፣ የቆርቆሮ፣ የታንታለም፣ የተንግስተንና የወርቅ ተጠቃሚ የሆኑ ኩባንያዎች ማዕድኑ ከኮንጎና ከአዋሳኝ አገሮች የመጣ መሆን አለመሆኑን እንዲገልጹ አዘዘ። ዓላማውም በማዕድን ሽያጭ የሚታጠቁትን ወገኖች ገንዘብ መንሣት ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም ስለ እነዚሁ አራት ማዕድናት ያወጣው ሕግ ከጥር 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል።

ሁለቱም ሕጎች የሚደገፉት የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ባዘጋጀው መመሪያ ላይ ነው። መመሪያው አምስት እርምጃዎች አሉት።

ሀ) ኩባንያው በውስጡ የታወቀ የግዢ ሥርዓትና ኃላፊነት ያለበት ሰው ይኑረው።
ለ) ማዕድኑ ባለፈበት መንገድ ሁሉ ያለውን አደጋ ፈልጎ ይወቅ።
ሐ) ላገኘው አደጋ መፍትሔ ያዘጋጅ።
መ) ከኩባንያው ውጭ የሆነ መርማሪ ሥራውን ይመርምር።
ሠ) ያደረገውን በየዓመቱ ለሕዝብ ይግለጽ።

ምርመራው በተለይ በማቅለጫና በማጣሪያ ፋብሪካዎች ላይ የሚያተኩርበት ምክንያት አለ። ቆፋሪዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ስልክ ገዢዎችም እንዲሁ። ማቅለጫዎች ግን ጥቂት ስለሆኑ እንደ ወንዝ መሻገሪያ ድልድይ ናቸው። ድልድዩ ላይ የቆመ ሰው የሚያልፈውን ሁሉ ያያል። ነገር ግን ማዕድኑ አንድ ጊዜ ከቀለጠ በኋላ የዚህኛው ጉድጓድ ከዚያኛው አይለይም፤ ስለዚህ መጠየቅ የሚገባው ከመቅለጡ በፊት ነው።

ከእነዚህ ሌላ ኢርማ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው መመዘኛ አለ። ይህ የማዕድን ኩባንያዎችን ብቻ ሳይሆን የሠራተኛ ማኅበራትን፣ የአካባቢውን ነዋሪዎችና ማዕድን ገዢዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጣል። የሚመረምረውም ውኃን፣ ዝቃጭን፣ የሠራተኛን ደኅንነትና የነዋሪዎችን ፈቃድ ጭምር ነው።

በገንዘብ በኩል ደግሞ ኩባንያዎች ለመንግሥት የከፈሉትንና መንግሥት የተቀበለውን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚገልጽ ዓለም አቀፍ የግልጽነት ማኅበር አለ። ኢትዮጵያን በ2006 ዓ.ም. በእጩነት ተቀብሏታል።

የራሳችንም ሕግ ባዶ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ሕዝብ እርሱን በሚመለከት የልማት ሥራ ላይ አስተያየቱን እንዲጠየቅ፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ እንዲኖር መብት ሰጥቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ም ታላላቅ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት የሚያስከትሉት ጉዳት እንዲጠና ያዛል።

4. ጉድለቱ የት ላይ ነው?

በእኛ አስተያየት ሁለት ጉድለቶች ይታያሉ።

የመጀመሪያው መመዘኛው የሚፈልገውን ብቻ ማየቱ ነው። የአሜሪካው ሕግ ዓይኑን የጣለው በጦርነት ላይ ነው፤ የሚመለከተውም ኮንጎንና አዋሳኞቿን ነው። ኢትዮጵያ ከእነርሱ አንዷ አይደለችም። ስለዚህ ከጉጂ የሚወጣ ማዕድን በዚያ ሕግ ፊት ነቀፋ የለበትም። የከብት ሞት፣ የውኃ መመረዝ፣ የሕፃን ሕመም በሌላ መዝገብ ይጻፍ ይሆናል፤ ወይም ከነአካቴው አይጻፍም። አንዱ ደንብ ጭነቱን ይለካል፤ ሌላው ጠመንጃውን ይቆጥራል፤ ምንጩን ግን የሚቀምስ የለም።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ የተለየ ነው። ይኸውም ገዢው ችግር መኖሩን በሰማ ጊዜ ችግሩን ከማስተካከል ይልቅ ጥሎ መሄዱ ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. በኋላ በምሥራቅ ኮንጎ የሆነው ይህ ነው። ብዙ ገዢዎች ምርመራውን ከመቀበል ከአካባቢው ሁሉ መራቅን መረጡ። መንግሥትም ለጥቂት ወራት ቁፋሮውን አግዶ ነበር። በእጃቸው እየቆፈሩ ቤተ ሰብ ያስተዳድሩ የነበሩ ሰዎች ገቢ አጡ፤ ለልጆቻቸው የትምህርት ቤት ክፍያ የቸገራቸውም ብዙዎች ነበሩ። ከዓለም አቀፉ መመሪያ የምንረዳው ግን ሌላ ነው። ግፍ በግልጽ በሚፈጸምበት ቦታ ግዢው ወዲያውኑ ይቁም፤ ሊታረም በሚችል ችግር ግን ገዢው ሳይሸሽ ለማስተካከያ ጊዜ ሰጥቶ፣ ተከታትሎ እንዲታረም ያድርግ ነው የሚለው።

በእርዳታ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ልዩነት በሚገባ ልንይዘው ይገባናል። እጃችንን ንጹሕ አድርገን መሄድና የተጎዳውን መርዳት አንድ አይደሉም። ንጹሕ እጅ ይዘን ስንሄድ ከኋላችን የተራበ ቤት ትተን ከሆነ፣ መመዘኛው ያገለገለው እኛን እንጂ ቆፋሪውን አይደለም።

በከረጢት ውስጥ ሁለት ዓይነት የሚዛን ድንጋይ መያዝን የሚከለክለውን የኦሪት ዘዳግም ሕግ (25፥13-15) ታውቁታላችሁ። በገዢው አገር ወንዝ ውስጥ የማይፈቀድ ዝቃጭ በሻጩ አገር ወንዝ ውስጥ ከተፈቀደ ከረጢቱ ውስጥ ሁለት ድንጋይ አለ ማለት ነው።

5. አራተኛው ነገር

በመግቢያችን ሐይቅን የሚጠብቁት መለኪያ፣ መርማሪና ጠያቂ ገዢ ናቸው ብለናል። በለገደምቢ ታሪክ የጎደለው አራተኛው ነው። እርሱም በሥፍራው የሚኖረው ሕዝብ የሚናገርበትና የሚሰማበት ሸንጎ ነው።

ጋሞ ይህን ያውቃል። ዱቡሻ በሚባለው የመሰብሰቢያ ሜዳ ነገር የሚታየው በዝግ ቤት ሳይሆን በሰው ሁሉ ፊት ነው። የተበደለ ሰው ይቆማል፤ ይናገራል፤ ሽማግሌዎች ያዳምጣሉ። ነገሩ እስኪጠራ ድረስም ይመላለሳሉ። እንዲህ ያለ ሸንጎ ያለው ሥልጣን ምን ያህል እንደ ሆነ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ታይቷል። በቡራዩ በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ያን ቀን ሰው ያዳነው በማኅተም የተረጋገጠ ወረቀት ሳይሆን ሕዝቡ የሚያምነው ድምፅ ነበር። የጉጂ ሕዝብም ሽማግሌዎች በአንድነት የሚመክሩበት የራሱ የገዳ ሥርዓት አለው።

እንግዲህ ስለ አንድ ማዕድን መርማሪ መጥቶ «መመዘኛውን አሟልቷል» ቢል መጠየቅ ያለብን ይህ ነው። መርማሪው ማንን አነጋገረ? የኩባንያውን ሥራ አስኪያጅ ብቻ ወይስ ከዝቃጭ ግድቡ በታች የምትኖረውን ሴትም? ያነጋገራትስ በምታውቀው ቋንቋ ነውን? የውኃው ምርመራ ውጤት ለእርሷ ተነገራት? ቅሬታ ብታቀርብ በስንት ቀን መልስ ታገኛለች? በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የማይገኝለት መመዘኛ በወረቀት ላይ ያማረ ቢሆንም ከጉድጓዱ አፍ አልደረሰም።

6. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ማዕድን አንሸጥም፤ ማቅለጫም የለንም። ነገር ግን ገዢዎች ነን። በየፕሮጀክቱ የፀሐይ ኃይል መብራት፣ ባትሪ፣ ስልክና ኮምፒዩተር እንገዛለን። ስለዚህ የሚከተሉትን እናሳስባለን።

አንደኛ፤ የግዢ ኃላፊዎች ከአቅራቢው ዋጋና ዋስትና ብቻ ሳይሆን አምራቹ ስለ ማዕድናቱ ምንጭ በየዓመቱ የሚያወጣው መግለጫ እንዳለ በጽሑፍ ይጠይቁ። አንድ ደብዳቤ ፋብሪካ አይለውጥም ይሆናል። ከብዙ ድርጅቶች የሚመጣ ተመሳሳይ ደብዳቤ ግን አቅራቢው ራሱ ከበላዩ ያለውን እንዲጠይቅ ያስገድደዋል።

ሁለተኛ፤ ያለንን ዕቃ እስከሚቻለው ድረስ እናቆየው። ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ ተጠግኖ ሁለት ዓመት ቢያገለግል አዲስ ቁፋሮ የሚጠይቅ አንድ ስልክ ቀረ ማለት ነው። በየከተማው ያሉ የስልክ ጠጋኞች በዚህ ረገድ ባለውለታዎቻችን ናቸው።

ሦስተኛ፤ ያረጀ ባትሪ የትም አይጣል። በመኪናና በፀሐይ ኃይል መሣሪያ የምንጠቀምባቸው ብዙዎቹ ባትሪዎች እርሳስ የሚባለውን ብረት የያዙ ናቸው። እርሳስ ደግሞ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በግቢ ውስጥ ተሰብሮ አሲዱ የተደፋ ባትሪ ዝናብ ሲመጣ ወደ ኩልፎ፣ ከኩልፎም ወደ ጫሞ ሊደርስ ይችላል። ስለ ጉጂ ውኃ እየተናገርን የራሳችንን ሐይቅ ብንመርዝ ሁለት ሚዛን የያዝነው እኛ ነን። ስለዚህ የየፕሮጀክቱ ንብረት ክፍል ያረጁትን ባትሪዎች በጥላ ሥር፣ ውኃ በማያስገባ ቦታ፣ ከልጆች አርቆ ያከማች፤ በአግባቡ ለሚያስወግድ ተቀባይም በሰነድ ያስረክብ።

አራተኛ፤ ማዕድን በሚወጣባቸው አካባቢዎች የምትሠሩ ሠራተኞች የሰማችሁትን ሁሉ መዝግቡ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሞተውን ከብት ቁጥርና ምንጩ የተለወጠበትን ጊዜ ጻፉ። ሕዝብ ተበድያለሁ ሲል ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ማስረጃ ነው። ማስረጃ የሚያዝበትን መንገድ ማስተማር እንደ ጉድጓድ ውኃ ሥራ ሁሉ እርዳታ ነው። ይሁን እንጂ የተናገረው ሰው አደጋ ላይ እንዳይወድቅ ስሙን ያለ ፈቃዱ ለማንም አትስጡ። ያልተረጋገጠውንም ነገር እንደ ተረጋገጠ አድርጋችሁ አታቅርቡ።

አምስተኛ፤ የጉባኤ መሪዎች በዚህ ነገር ላይ ምእመናን እንዲወያዩ ጊዜ ይስጡ። ጉዳዩ የባለሙያ ብቻ መስሎ ከታየ በባለሙያ ብቻ ይወሰናል።

7. ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ከምድር ወይም ከውኃ የሚወጣ ምን ሀብት አለ? አሸዋ፣ ድንጋይ፣ እንጨትና ዓሣን አስቡ። አወጣጡን የሚወስነው ማነው? የሚመረምረውስ?

2. ከጉባኤያችሁ ወይም ከፕሮጀክታችሁ ዕቃዎች አንዱን መርጣችሁ ከየት እንደ መጣ እስከምታውቁበት ድረስ ወደ ኋላ ተከተሉት። እውቀታችሁ የቆመው የት ላይ ነው?

3. ገዢ ጥፋት ባየ ጊዜ መቼ መሄድ፣ መቼስ ቆይቶ ማስተካከል ይገባዋል? የምሥራቅ ኮንጎን ቆፋሪዎች አስባችሁ ተወያዩ።

4. በዱቡሻ ወይም በአካባቢያችሁ ባለ ሌላ የሽማግሌዎች ሸንጎ የሴቶችና የወጣቶች ድምፅ ምን ያህል ይሰማል? ማዕድን መርማሪ ከዚህ ሸንጎ ምን ሊማር ይችላል? ሸንጎውስ ራሱ ምን ይጎድለዋል?

5. ባለፈው ዓመት ያረጁ ባትሪዎቻችሁ አሁን የት ናቸው?

የመጨረሻውን ጥያቄ በውይይት ብቻ አትተዉት። ስብሰባው እንዳለቀ ሁለት ሰዎች መርጣችሁ ወደ ንብረት ክፍል ላኩ፤ ባትሪዎቹን ይቁጠሩ፤ ያገኙትንም በሚቀጥለው ስብሰባ ለሁሉ ይንገሩ።